የክራንች ጎማ

አርሲን ያነሳ ሰው እግር ሳያነሳ ወሬውን አይጨርስም። ኃይሌ ገብረሥላሴ የአሰላ ልጅ ነው። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከአሰላ ወደ ደቡብ ዘልቀው የሚያገኟት የበቆጂ ልጆች ናቸው። ለምን እንዲህ ይሮጣሉ ሲባል አንዱ «አየሩ ነው» ይላል፤ ሌላው «ገብሱ ነው»፤ ሌላው ደግሞ «ትምህርት ቤቱ ሩቅ ስለሆነ ነው»። ፈረንጁም ካሜራውን ተሸክሞ መጥቶ ኮረብታውን አንስቶ፣ ልጆቹን ጠይቆ ሄዷል። ስለ አርሲ እግር ያልተባለ ነገር የለም። እኔ ዛሬ የማወራው ግን ስለሌለው እግር ነው።

ነገሩ ከዓመታት በፊት የሆነ ነው። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ጭላሎ በጉም ተውጦ መኖሩም ያጠራጥራል። አሰላ መናኸሪያ አካባቢ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ቁጭ ብያለሁ። በባሌ መስመር ከመጣ አውቶቡስ የወረዱ አንድ ሽማግሌ በሁለት ክራንች እየተደገፉ ገቡ። ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች የለም፤ ሱሪያቸው ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። በሩን አልፈው ሁለት እርምጃ ሳይሄዱ አንደኛው ክራንች እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ተንሸራተተ። አንድ ወጣት ዘሎ ባይደግፋቸው ኖሮ ወድቀው ነበር። የክራንቹ ጫፍ ላይ ያለው ጎማ አልቆ ብረቱ ወጥቷል።

«እትዬ፣ እዚህ አገር የክራንች ጎማ የት ነው የሚሸጠው?» ብለው ባለ ሻይ ቤቷን ጠየቋት።

«ውይ ጋሼ፣ እኔ እንጃ! ፋርማሲ ይኖር ይሆን?»

ወጣቱ ተላከ። ፋርማሲ የለም። የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥበት ሱቅም የለም። ጫማ ቤት ሲጠይቅ ሳቁበት። በመጨረሻ ጎሚስታ ዘንድ ሄድን። ጎሚስታው ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጦ፣ ጠፍሮ፣ በሽቦ አስሮ አንድ ነገር ሠራላቸው።

«ሒሳብ ስንት ነው?» አሉት።

«ኧረ ይተዉት አባባ! ለእርስዎ ነው እንዴ?»

ሽማግሌው ተቆጡ። «ስማ ልጄ፣ እኔ ልመና አልወጣሁም። ጡረታ አለኝ። ገንዘብ አላጣሁም፤ የምገዛበት ነው ያጣሁት» ብለው ብሩን ቆጥረው መሣሪያው ላይ አስቀመጡለት።

ሻያችንን እየጠጣን አወራን። ወታደር ነበሩ፤ እግራቸው የቀረው ጦር ሜዳ ነው። ለሕክምና የሚመላለሱበት ተቋም (የከተማውንም የተቋሙንም ስም ልተወው) ከከተማ ወጣ ብሎ በአጥር የተከበበ ነው። ከአውቶቡስ ወርደው ባጃጅ ይይዛሉ። ክረምት ከሆነ ባጃጁ ጭቃው ጋ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ በኋላ በክራንች ነው። የታዘዘላቸው መድኃኒት እዚያ ከሌለ ደግሞ ወደ መሐል ከተማ ተመልሰው ገዝተው ያንኑ መንገድ እንደገና ይያያዙታል። «ልጄ፣ በዚያ መንገድ ጤነኛ ሰውም ቢመላለስ ይታመማል» አሉኝ።

እኔ ግን የመንገዱን ወሬ እየሰማሁ ልቤ ጎሚስታው ጋ ቀርቷል። «ገንዘብ አላጣሁም፤ የምገዛበት ነው ያጣሁት።» ይህች ቃል እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም።

እኛ የጦር ጉዳተኛን ስናስብ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚታየን። አንዱ ጀግንነት ነው፤ ሌላው ምጽዋት ነው። በበዓል ቀን «ጀግናችን!» ብለን እናጨበጭብለታለን፤ በማግስቱ መንገድ ላይ ስናገኘው ኪሳችንን ለሳንቲም እንዳስሳለን። ሦስተኛውን ነገር አናየውም። ሰውየው ምሳ ይበላል፣ አልጋ ይይዛል፣ ፀጉሩን ይስተካከላል፣ ጫማ ይገዛል፤ ያውም የሚለብሰው አንድ ሆኖ የሚከፍለው የጥንዱን ነው። ባጭሩ ገበያተኛ ነው። ስለዚህ «የቀድሞ ወታደሮች ክሊኒክ የት ይሠራ?» የሚለው ጥያቄ የጤና ቢሮ ጥያቄ ብቻ አይደለም። የባለ ሻይ ቤቷም ጥያቄ ነው።

እስኪ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ሰው ሠራሽ እግር እንደ ሸሚዝ ከመደርደሪያ አውርደው የሚሰጡት ዕቃ አይደለም። ጉቶው ይለካል፣ በጄሶ ይቀረጻል፣ ባለሙያዎቹ ፖሊፕሮፒሊን ከሚሉት ፕላስቲክ ይሠራል፣ ይሞከራል፣ ይቆረጣል፣ ይስተካከላል። ከዚያ ባለቤቱ እንደ ሕፃን ልጅ መራመድ ይማርበታል። ይህ ሁሉ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። አንዴ ተሠርቶም አያበቃም። ያረጃል፣ ይሰነጠቃል፣ ማሰሪያው ይበጠሳል። አዋቂ ሰው በጥቂት ዓመታት አንዴ መለወጥ አለበት፤ ፈንጂ ያገኘው በማደግ ላይ ያለ ልጅ ከሆነማ በየመንፈቁም ሊሆን ይችላል። እንግዲህ የትኛው ነጋዴ ነው የዕድሜ ልክ ደንበኛ የሚጠላ?

እንበልና አንድ ሰው ከአስታማሚው ጋር ለሁለት ሳምንት መጣ። ሁለት ሰው፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለ14 ቀን፤ 84 ሳህን ምግብ ነው። 14 ሌሊት አልጋ ነው። ሻይ ቡናው፣ የሞባይል ካርዱ፣ ሲመለሱ ለልጆች የሚያዘው ዳቦ ገና አልተቆጠረም። ይህን በዓመት በሚመጣው ሰው ቁጥር አባዙት። ገንዘቡ ደግሞ ባለ ሻይ ቤቷ ጋ አይቆምም፤ ወደ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ከእሷም ወደ ጤፍ ነጋዴው ይሄዳል። በ1970ዎቹ አሰላ ላይ የብቅል ፋብሪካ ሲተከል ገበሬው ገብሱን የሚሸጥበት አገኘ፣ ወጣቱ የሚቀጠርበት አገኘ ብለን ጥቅሙን ዘርዝረናል። ክሊኒክም እኮ ዳቦ ይገዛል፣ ዘበኛ ይቀጥራል፣ አንሶላ ያሳጥባል። ልዩነቱ ፋብሪካ ሲመጣ «ልማት» እንላለን፤ የጉዳተኛ ክሊኒክ ሲመጣ «እርዳታ» እንላለን።

አሁን ያንኑ ክሊኒክ ከከተማ ውጭ አውጡትና እጠሩት። ግቢው ውስጥ ካፍቴሪያና መኝታ ሥሩለት። 84ቱ ሳህን ወዴት ሄደ? ጨረታ ወዳሸነፈ አንድ አቅራቢ። ታካሚው ከመናኸሪያ በባጃጅ ይወጣል፣ በባጃጅ ይመለሳል። ፋርማሲውም፣ ጫማ ሰፊውም፣ ፀጉር ቤቱም አያውቀውም። የክራንች ጎማ ከገበያ የጠፋው ለዚህ ነው። ነጋዴው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ክራንች የያዘ ሰው በሱቁ በር ሲያልፍ ስለማያይ ነው። ያላየውን ገዢ አስቦ ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ የለም።

«ባለ ባጃጁስ የከተማው ሰው አይደለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ነው እንጂ! ነገር ግን እሱ የሚያገኘው ገንዘብ እግር በሌለው ሰው ላይ የተጣለ ግብር ነው። እግር ያለው በነጻ የሚሄድበትን መንገድ፣ የሌለው ይከፍልበታል።

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች ለቀድሞ ወታደሮቻቸው ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት አላቸው፤ ከ1,000 በላይ የሕክምና ጣቢያዎችን ያስተዳድራል። አዲስ ክሊኒክ በመጣ ቁጥር መሐል ከተማ ይሁን ወይስ ዳር እያሉ ይከራከራሉ። የእነሱ ጭቅጭቅ ግን ስለ መኪና ማቆሚያ ነው፤ የእኛ ስለ ጭቃ ነው።

ተረት የማወራ ከመሰላችሁ አዲስ አበባ እንሂድ። ታክሲ ረዳቱ «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» እያለ ይጣራል። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው ቀላል ባቡርም የምሥራቅ ምዕራብ መስመሩ ማብቂያ እዚያው ነው። ስሙ የመጣው ከወታደሮቹ ሆስፒታል ነው። ገርጂም እንዲሁ አንድ ሆስፒታል አለ፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ፣ ሕዝቡ «ኮሪያ ሆስፒታል» የሚለው። በቃኘው ሻለቃ ለኮሪያ ለዘመቱ አባቶች ነጻ ሕክምና ሲሰጥ ኖሯል። የሰፈሩ ሰው አድራሻውን ሲነግራችሁ «ኮሪያ ሆስፒታል ጋ» ይላችኋል። ሆስፒታል በሰፈር መሐል ሲኖር እንዲህ ነው፤ ሰፈሩ በስሙ ይጠራል፣ ዙሪያውን ፋርማሲ፣ ምግብ ቤትና አልጋ ይከበዋል።

አንድ ብልህ አንባቢ «ሁለቱም ሲሠሩ እኮ ዳር ነበሩ፤ ከተማዋ ናት ሄዳ የደረሰችባቸው» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው። እኔም መሐል ስል ከማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ማለቴ አይደለም። መሐል ማለት ታክሲ በሩ ድረስ የሚጣራበት፣ ሕመምተኛ ሲወጣ ገበያ የሚያገኝበት ቦታ ማለት ነው። ካርታ ላይ በኪሎ ሜትር አይለካም፤ በክራንች ይለካል።

በተቃራኒው ደግሞ ደብረ ዘይትን እናስታውስ። በደርግ ዘመን፣ ከሶማሊያ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ፣ ለጦር ጉዳተኞች ጀግኖች አምባ ተቋቋመ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ለቆሰለ ወታደር ጣሪያና ሐኪም መስጠት ምን ክፋት አለው? ግን ስሙን ልብ በሉት። አምባ! አምባ ዙሪያው ገደል ነው። የጥንት ነገሥታት ለዙፋን የሚያሰጓቸውን ልዑላን የሚያኖሩት አምባ ግሸን ላይ ነበር፤ በክብር፣ ግን ከሰው ተነጥለው። ጀግናን አምባ ላይ ማውጣት ማክበር ይመስላል፤ ከገበያ ማውጣትም ነው።

ከገበያ የወጣ ሰው ምን እንደሚገጥመው በ1983 ዓ.ም. አይተናል። መንግሥት ተለወጠ፤ ወደ 455,000 የሚጠጋ የቀድሞ ሠራዊት ተበተነ። የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ቢቋቋምም፣ በየከተማው መንገድ ዳር የወታደር ካፖርት ለብሰው በክራንች የሚለምኑ ሰዎችን ያላየ የለም። መንግሥት ሲሄድ የመንግሥት ውለታም አብሮ ሊሄድ ይችላል። የማይሄደው ጎረቤት ነው። ስምን የሚያውቅ ባለ ሻይ ቤት ነው፤ የዱቤ መዝገብ ነው። ጉዳተኛውን ከከተማ ባወጣነው ቁጥር የምናሳጣው ይህንን ነው።

እዚህ ላይ ግን ራሴን ልቃወም። «መሐል ከተማ አስቀምጡት፣ ሁሉም ይጠቀማል» ማለት ለአምደኛ ቀላል ነው። አርሲ ግን «ሁሉም ይጠቀማል» የሚለውን ቃል ከዚህ በፊት ሰምታዋለች። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን እርዳታ፣ ሰው ሁሉ «ካዱ» የሚለው የጭላሎ እርሻ ልማት ፕሮጀክት ሥራ ጀመረ፤ መቀመጫውም አሰላ ነበረች። ለትንሹ ገበሬና ለጭሰኛው የታሰበ ነበር። ምርጥ ዘር መጣ፣ ማዳበሪያ መጣ፣ ብድር መጣ፤ ምርቱም በእርግጥ ጨመረ። መሬቱ ዋጋ ማውጣቱን ያየ ባለመሬት ግን ትራክተር አስገባና ጭሰኛውን አስነሳ። ለጭሰኛው የታሰበው ጥቅም የመሬቱን ባለቤት ተከትሎ ሄደ። ስዊድኖቹ ተንኮለኞች ስለነበሩ አይደለም። ጥቅም መሬት ላይ ሲፈስ መጀመሪያ የሚጠጣው ባለመሬቱ ስለሆነ ነው።

ክሊኒክም ከዚህ አያመልጥም። መሐል ከተማ በተከፈተ በዓመቱ በሩ አጠገብ ያለው አልቤርጎ ዋጋውን ይጨምራል። ባለ ሻይ ቤቷን ያከራያት ሰውዬ «ጨምሪ፣ አለዚያ ልቀቂ» ይላታል። ወታደሩ ርካሽ አልጋ ፍለጋ ወደ ዳር ይወጣል፤ ጠዋት ጠዋት በባጃጅ ይመጣል። ክሊኒኩ መሐል፣ ታካሚው ዳር! ተዟዙረን መጀመሪያ ከነበርንበት ደረስን ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ክሊኒኩን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውንም ማሰብ ነው። ከሩቅ ለሚመጡ ጥቂት አልጋዎች በተወሰነ ዋጋ ከከተማው አልቤርጎዎች ጋር ውል ይታሰርላቸው። በአጥሩ ላይ ወደ መንገድ የሚከፈቱ ትንንሽ ሱቆች ይሠሩ፤ ማዘጋጃ ቤቱ በእጁ ይዞ በተመጣጣኝ ኪራይ ለራሳቸው ለጉዳተኞቹ፣ ለጫማ ሰፊው፣ ለቆዳ ሠራተኛው ይስጥ። የሰው ሠራሽ እግር ማሰሪያ ሲበጠስ የሚሰፋው ቆዳ የሚያውቅ እጅ ነው። ያንን እጅ ደግሞ ለዘመናት ስንንቅ ኖረን ዛሬ እግር ይጠግንልን ዘንድ ልንለምነው ነው።

«መሐል ከተማ ላይ መሬት ውድ ነው፤ ባንክ ይሠራበት» የሚል ድምፅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለመንግሥት ተቋምና ለማኅበራዊ አገልግሎት ያለ ጨረታ ቦታ በምደባ መስጠት እንደሚቻል በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ደንግጎ ነበር። የጎደለው ሕግ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ገንዘብ እንዲመድብ ያዛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያ ይኑረው ብሎ ነበር። ይህን አዋጅ ያነበበ ሰው ግን የባንኮቻችንን ደረጃ ሲያይ ግራ ይገባዋል።

ከዚህ የከፋው «የከተማዋን ገጽታ ያበላሻል» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው ፊት ለፊት አይናገርም፤ ሻይ ላይ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚለው። እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ ልመልስለት። ገጽታዋ በክራንች የሚበላሽ ከተማ መጀመሪያውኑም ገጽታ አልነበራትም። ሩጫ ለሚወድ የአርሲ ሰው አንድ ነገር ላስታውስ። አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሲሰንፉ የታከመው እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል በሚባል ሆስፒታል ነው። ያ ሆስፒታል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት አከርካሪያቸው ተጎድቶ የተመለሱ ወታደሮችን ተቀብሎ፣ ሐኪማቸው ሉድቪግ ጉትማን በተሽከርካሪ ወንበር ውድድር ያስጀመራቸው ቦታ ነው። የዛሬው ፓራሊምፒክ የተወለደው ከዚያ ነው። አበበም እዚያ በወንበሩ ላይ ሆኖ ቀስት ወርውሯል። የስቶክ ማንደቪልን መንደር ዓለም ያወቃት በቁስለኞቿ ነው። ገጽታዋን አበላሿት?

ይህን ሁሉ ዛሬ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። አሰላ የአካል ተሃድሶ ማዕከል ካላቸው ጥቂት የአገሪቱ ከተሞች አንዷ ናት። በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ ያቀደው 371,971 የቀድሞ ተዋጊ ነው። በ2017 ዓ.ም. ትግራይ ላይ ሥራውን ጀምሯል። ከእነዚህ ሰዎች ውስጥ ስንቱ እግሩን፣ ስንቱ ዓይኑን፣ ስንቱ እንቅልፉን ጥሎ እንደሚመለስ አስቡት። ወደ ከተሞቻችን መምጣታቸው አይቀርም። ያልተወሰነው ከአውቶቡስ ሲወርዱ ወዴት እንደምንልካቸው ነው።

ለከተማ አስተዳዳሪዎች አንዲት ቀላል ፈተና ልተውላቸው። አማካሪ ቀጥሮ ጥናት ማስጠናት አያስፈልግም። ማለዳ ተነሥተው፣ ከመናኸሪያው ጀምረው፣ ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ የክራንች ጎማ ይጠይቁ። ካገኙ፣ ያች ከተማ ጉዳተኞቿን ታውቃቸዋለች ማለት ነው። ካላገኙ ጎሚስታው አለ። እሱም «ለእርስዎ ነው እንዴ!» ብሎ በነጻ ይሠራላቸዋል። ሽማግሌው ግን መክፈል ነው የፈለጉት።